ቪአይፒው በ8 ሰከንድ ያልፋል፣ ኤጀንቶቹ ግን ከ15 ደቂቃ በላይ ይጠፋሉ

ማስተር ኖድ፦
ሰላም ናችሁ ጓዶች። ሦስት ቀን ሙሉ የታገልኩት ነገር ስላለ እስቲ አንድ በሉኝ። የክላስተር ማኔጅመንት ሶፍትዌራችንን ሁለት ሰርቨር ላይ ነው የጫንኩት፣ በፔስሜከርና በኮሮሲንክ (ሁለቱን ሰርቨሮች እንደ አንድ ክላስተር የሚያስተሳስሩ ሶፍትዌሮች)፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቪአይፒውን (ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወረውን የጋራ አይፒ አድሬስ) ይረከባል። ከስር 40 ሰርቨር አለ፣ እያንዳንዱ ላይ እኛው የጻፍናት ትንሽ ኤጀንት አለች፣ ኤጀንቷ ወደ ቪአይፒው አንድ የቲሲፒ ኮኔክሽን ትከፍትና ቀኑን ሙሉ እሱኑ ይዛ በየ10 ሰከንዱ «አለሁ» ትላለች። ኔትወርኩ ሁለት ስዊች ነው፣ ከየሰርቨሩ ሁለት ኬብል ወጥቶ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ፣ ቦንዲንጉ (ሁለቱን ኬብል እንደ አንድ የሚያጣምረው) አክቲቭ ባካፕ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠባበቃል። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን አይወጣለትም።

ሪሶርሱን (ቪአይፒውንና ሰርቪሱን) በትዕዛዝ ወደ ሁለተኛው ሳዛውረው ሁሉም ሰላም ነው፣ ኤጀንቶቹ በሁለት ሦስት ሰከንድ ተመልሰው ይገናኛሉ። ትናንት ግን የእውነት ልፈትነው ብዬ የመጀመሪያውን ሰርቨር ሁለቱንም የኃይል ገመድ ነቀልኩት። ቪአይፒው በ8 ሰከንድ ገደማ አለፈ፣ ከሌላ ማሽን ፒንግ ሳደርገው ይመልሳል፣ ዌብ ገጹም ይከፈታል፣ 40ዎቹም ኤጀንቶች ግን ጠፉ፣ ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነ። ሳልነካቸው ቁጭ ብዬ ሳይ ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይተው ራሳቸው ተመለሱ። ደገምኩት፣ ያው። የኤአርፒ (አይፒው የትኛው የኔትወርክ ካርድ ጋ እንዳለ የሚያሳውቀው ፕሮቶኮል) ነገር ይመስለኛል ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ያየው ሰው አለ?

የሌሊት ተረኛ፦
እኔም መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤአርፒን ነው። አይፒው ሲዛወር አዲሱ ሰርቨር «ይሄ አይፒ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ያልተጠየቀ ኤአርፒ ይልካል፣ አንዳንድ ስዊች ላይ ያ መልእክት በሴኩሪቲ ሴቲንግ ይታገዳል። ኤጀንቱ ያለበት ማሽን ላይ ገብተህ የጎረቤት ሰንጠረዡን እይ፣ የቪአይፒው ማክ አድሬስ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) የአሮጌው ነው ወይስ የአዲሱ? የአሮጌው ከሆነ አገኘኸው ማለት ነው።

ማስተር ኖድ፦
አሁን በድጋሚ ነቅዬ አየሁት። ማኩ የአዲሱ ነው፣ ወዲያው ነው የተቀየረው። ሌላ ያስተዋልኩት ነገር፣ ቀይ ከሆኑት አንዷን ኤጀንት በእጄ ሪስታርት ሳደርጋት በዛው ሰከንድ ተገናኘች። ሌሎቹ 39ኙ እንደጠፉ ናቸው።

ፓኬት አሳዳጅ፦
በቃ ኤአርፒን ተወው። ሪስታርት ስታደርግ ከተገናኘች መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፣ የተዘጋው አሮጌው ኮኔክሽን ብቻ ነው። እና «ከ15 ደቂቃ በላይ» ያልከውን ስሰማ ልቤ ዘለለ፣ እስቲ በሰዓት ለካው፣ 15 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ወንጀለኛው ማን እንደሆነ በስሙ ልጠራልህ እችላለሁ።

ሊኑክስ ላይ አንድ ፓኬት ልከህ ማረጋገጫ ካልመጣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መልሶ ይልካል። መጀመሪያ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ 400፣ ቀጥሎ 800፣ እያለ በእጥፍ እያደገ ይሄድና 120 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ማደጉን ያቆማል። ስንት ጊዜ እንደሚሞክር የሚወስነው ቲሲፒ ሪትራይስ2 የሚባለው ሴቲንግ ነው፣ ዲፎልቱ 15 ነው። ደምረው፣ 924.6 ሰከንድ ይመጣል። እስከዛ ድረስ አፕሊኬሽንህ ምንም ኤረር አያይም፣ ሶኬቱ ለሱ ጤነኛ ነው፣ «አለሁ» ብሎ ይጽፋል፣ ከርነሉም እሺ ብሎ ይቀበለውና ወረፋ ላይ ያስቀምጥለታል።

ፌይልኦቨር (ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ማለፉ) በሚሠራበት ጊዜ ኤጀንቱ ላይ ኤስኤስን (ኮኔክሽኖችን የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ከታይመር አማራጩ ጋር አስነሳና ያየኸውን ጻፍልን። አዲሱ ሰርቨር ላይ ደግሞ የሚመጡትን ፓኬቶች የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕ ክፈት።

ማስተር ኖድ፦
እህቴ እጅሽ ይባረክ። ለካሁት፣ ሦስት ኤጀንት ላይ፣ አንዷ 15 ደቂቃ ከ27፣ አንዷ 15 ከ31፣ አንዷ 15 ከ33። ኤስኤስ ላይ ኮኔክሽኑ ኢስታብሊሽድ ይላል፣ የመላኪያ ወረፋው ላይ ያልተረጋገጠ ባይት እየጨመረ ነው፣ ታይመሩ «ኦን» ይልና ቁጥሩ እየቆጠረ ይወርዳል፣ ከጎኑ ያለው የሙከራ ብዛት 7 ነበር፣ ቆይቼ ሳየው 9።

ቲሲፒደምፑ ላይ ደግሞ ፓኬቶቹ አዲሱ ሰርቨር ድረስ ይደርሳሉ! አንድ በአንድ ሲመጡ እያየሁ ነው። መልስ ግን የለም፣ ምንም።

ፓኬት አሳዳጅ፦
አሁን ነገሩ ፍንትው አለ። መልስ አለመኖሩ ነው ትልቁ ምልክት። አስበው፣ አዲሱ ሰርቨር ያን ኮኔክሽን አያውቀውም፣ የተከፈተው ከሞተው ሰርቨር ጋር ነው። የማያውቀው ኮኔክሽን ፓኬት ሲመጣ ጤነኛ ከርነል ዝም አይልም፣ ሪሴት ይመልሳል፣ «እንዲህ የሚባል ነገር እኔ ጋ የለም» ብሎ። ኤጀንቷ ሪሴቱን ባየችበት ቅጽበት ትዘጋና አዲስ ትከፍታለች። ስለዚህ አንድ የሆነ ነገር ያን ሪሴት እንዳይወጣ እያደረገ ነው ወይም ፓኬቱ ከከርነሉ ቲሲፒ ጋር ሳይገናኝ እየተጣለ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፋየርዎል ክፈት፣ «ሲን (የኮኔክሽን መክፈቻ ምልክት) ያልያዘ አዲስ ፓኬት ጣል» የሚል መስመር ፈልግ።

ማስተር ኖድ፦
አለ። ከ4 ቁጥር መስመር ላይ። የሰርቨር ማጠናከሪያ ቼክሊስት ላይ ስለነበረ ነው ሁሉም ማሽን ላይ የገባው፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ቆጣሪውን ሳየው በፌይልኦቨር ሰዓት ብቻ ነው የሚጨምረው። ግን አልገባኝም፣ ይሄ ፓኬት እኮ አዲስ አይደለም፣ የአሮጌ ኮኔክሽን ነው።

ፓኬት አሳዳጅ፦
ላንተ አሮጌ ነው፣ ለሁለተኛው ሰርቨር ግን አዲስ ነው። የፋየርዎሉ የኮኔክሽን መዝገብ ያለው እያንዳንዱ ሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ ነው፣ አንደኛው ሲሞት መዝገቡም አብሮ ሞተ። ሁለተኛው መዝገቡን ሲገልጥ እንዲህ የሚባል ኮኔክሽን አያገኝም፣ ስለዚህ «አዲስ» ብሎ ይመድበዋል፣ ሲን ደግሞ አልያዘም፣ ያንተ መስመር ይጥለዋል።

ማኔጅመንት ፖርቱ ላይ፣ ከውስጥ ኔትወርክ ሲን ሳይዝ ለሚመጣው አዲስ ፓኬት፣ ከዛ መስመር በላይ «በቲሲፒ ሪሴት መልስ» የሚል መስመር ጨምር። ከመስመሩ በታች ካስገባኸው ምንም አይሠራም፣ ቀድሞ ይጣላል።

በትዕዛዝ ስታዛውረው ለምን እንደሠራ ደግሞ አሁን ግልጽ ነው፣ ሰርቪሱ በሥርዓት ሲዘጋ ከርነሉ ለሁሉም ኤጀንት «ዘግቻለሁ» ብሎ ይሰናበታል። ኃይል ሲነቀል ተሰናባች የለም። በትዕዛዝ ማዛወር ብቻውን ፈተና የማይሆነው ለዚህ ነው፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ አቁሞ «ፌይልኦቨሬ ይሠራል» ይላል።

ሰባተኛው ሌየር፦
ይሄን ሁሉ ከመድከም ኪፕአላይቭ (ሌላው ወገን መኖሩን ከርነሉ ራሱ በየጊዜው የሚጠይቅበትን) ብታበራ አይበቃም? ዲፎልቱ 7200 ሰከንድ ነው፣ ሁለት ሰዓት፣ እሱን ወደ 10 ሰከንድ አውርደህ ብትተወው ያልቃል።

ፓኬት አሳዳጅ፦
ኪፕአላይቭ ያስፈልጋል ግን ለዚህ በሽታ አይደለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ኪፕአላይቭ የሚሠራው ኮኔክሽኑ ዝም ባለበት ጊዜ ነው። ያልተረጋገጠ ዳታ ወረፋ ላይ ካለ ተራው የሪትራንስሚሽን ታይመሩ ነው፣ ኪፕአላይቭ ዳር ይቆማል። የእሱ ኤጀንቶች በየ10 ሰከንዱ ይጽፋሉ፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ወረፋ ላይ ያልተረጋገጠ ነገር አለ፣ ኪፕአላይቩን ወደ 1 ሰከንድ ብታወርደውም 15 ደቂቃው አይነካም።

የሚነካው ቲሲፒ ዩዘር ታይምአውት ነው። በየሶኬቱ የሚቀመጥ ቁጥር ነው፣ በሚሊ ሰከንድ፣ «የላክሁት ነገር እስከዚህ ድረስ ማረጋገጫ ካላገኘ ኮኔክሽኑን ዝጋልኝና ኤረር ስጠኝ» ማለት ነው። እኔ ብሆን 20000 አደርገዋለሁ። ኪፕአላይቩን ደግሞ ጎን ለጎን፣ ኤጀንቷ ዝም ብላ ትዕዛዝ በምትጠብቅበት ጊዜ እንዲሸፍናት።

የሌሊት ተረኛ፦
ቲሲፒ ሪትራይስ2ን ራሱን ቢቀንሰውስ? ኮድ መንካት ለማይችል ሰው ማለቴ ነው።

ፓኬት አሳዳጅ፦
ይቻላል። 8 ብታደርገው 102 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፣ 5 ብታደርገው 13 ሰከንድ ያህል። ግን ማሽኑ ላይ ያለውን ኮኔክሽን በሙሉ ነው የሚነካው፣ ዳታቤዙንም ባካፑንም። የከርነሉ ሰነድ ራሱ ቢያንስ 100 ሰከንድ ይሁን የሚለውን የአርኤፍሲ 1122 ምክር ጠቅሶ ከ8 በታች አትውረዱ የሚል ነገር አለው። ኮዱ በእጅህ ካለ ሶኬቱ ላይ አድርገው፣ ከሌለህ 8።

ገመዱ፦
ይቅርታ አርጉልኝና እኔ ሌላ ነገር አሳስቦኛል፣ ክሩን ከላይ ሳነበው ማንም አላነሳውም። ወንድሜ ማስተር ኖድ፣ ሁለቱንም የኃይል ገመድ ነቀልኩ ቪአይፒው በ8 ሰከንድ አለፈ ብለሃል። ፌንሲንግህ (ያልመለሰውን ሰርቨር በግድ ማጥፊያህ) ምንድነው? ምክንያቱም በአይፒኤምአይ (ሰርቨሩን ከሩቅ የሚያበራና የሚያጠፋ ካርድ) ከሆነ የምታጠፋው፣ ገመዱ ሲነቀል የአይፒኤምአይ ካርዱም አብሮ ይሞታል፣ ሁለተኛው ሰርቨር «አጥፋው» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ የለም፣ ስለዚህ መጥፋቱን ማረጋገጥ ስለማይችል ቪአይፒውን አይወስድም፣ ይጠብቃል። ያንተ ግን በ8 ሰከንድ ወሰደ። ያ 8 ሰከንድ የኮሮሲንክ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቶከኑ 3 ሰከንድ፣ ከዛ የስምምነቱ 3.6፣ ከዛ ሪሶርሱ ሲነሳ። ፌንሲንግ የሚባል ነገር መሀል ላይ አልገባም። አጥፍተኸዋል አይደል?

ማስተር ኖድ፦
አዎ። መጀመሪያ ስጭነው ሪሶርሱ አልነሳ ሲለኝ ስቶኒትን (የፌንሲንጉን ማብሪያ ሴቲንግ) ፎልስ አድርጌው ነበር፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ።

ገመዱ፦
ገብቶኛል፣ ብዙ ክላስተር እንደዛ ነው ፕሮዳክሽን የሚገባው፣ ግን እባክህ ይሄን ከፋየርዎሉ በፊት አስተካክል። ኃይል ስትነቅል የእውነት ሞቷል፣ ስለዚህ አልታየህም። ሰርቨሩ ሳይሞት በመሀላቸው ያለው ኔትወርክ ብቻ ሲቋረጥ አስብ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ሁለቱም ሌላው ሞተ ብለው ያምናሉ፣ ሁለቱም ቪአይፒውን ይወስዳሉ። 40ው ኤጀንት ግማሹ ከዚህ ግማሹ ከዚያ ትዕዛዝ ይቀበላል፣ አንዱ «ይሄ ኖድ ሞቷል ሥራውን ወደ ሌላ አዛውሩ» ሲል ሌላው «እየሠራ ነው» ይላል። ከዛ ኔትወርኩ ሲመለስ የትኛው ዳታቤዝ ትክክል እንደሆነ የሚነግርህ ሰው የለም። እኔ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከቀደመ ሥራዬ ላይ፣ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት በእጃችን ሪከርድ እያነጻጸርን ነው የወጣንበት፣ ከዛ ወዲህ ፌንሲንግ የሌለው ክላስተር ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

ሁለት ነገር ያስፈልግሃል። አንደኛ ሁለት ደረጃ ያለው ፌንሲንግ፣ መጀመሪያ በአይፒኤምአይ ይሞክር፣ እሱ ካልመለሰ በኃይል ማከፋፈያው በኩል ሶኬቱን ያጥፋ። ሰርቨርህ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ስላለው ሁለቱም ሶኬት መጥፋታቸው ተረጋግጦ ነው መልሰው መብራት ያለባቸው፣ አንዱን አጥፍቶ አብርቶ ከዛ ሁለተኛውን ካጠፋ ሰርቨሩ ለአንድ ሰከንድም አልጠፋም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ድምፅ። ኮረም ማለት ያው ምልዓተ ጉባኤ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ጉባኤ ሲጣሉ አሸናፊ የለም። ሌላ ትንሽ ማሽን ላይ ኪውኔትዲ ጫን፣ በ5403 ፖርት ነው የሚሰማው፣ ሪሶርስ አይፈልግም፣ ድምፅ መስጠት ብቻ ነው ሥራው።

ሰባተኛው ሌየር፦
ኪውኔትዲው የት ይቀመጥ ታዲያ? ቨርቹዋል ማሽን ላይ አይሆንም?

ገመዱ፦
ይሆናል፣ ግን ያ ቨርቹዋል ማሽን በዚሁ ክላስተር ከሚተዳደሩት 40ዎቹ አንዱ ላይ እንዳይሆን። ዳኛው ከተከራካሪዎቹ ቤት ማደር የለበትም። ኃይሉም ስዊቹም ሌላ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለተኛው ነገር ኪውዲቫይስ (ክላስተሩን ከኪውኔትዲ ጋር የሚያገናኘውን) ስታስገባ ኮንፊጉ ላይ ያለው የሁለት ኖድ ልዩ ሴቲንግ ይወጣል፣ አብረው አይሄዱም።

እግረ መንገዴን፣ የኮሮሲንክ ሊንክህ ስንት ነው?

ማስተር ኖድ፦
ሁለት። ሁለት ቪላን (በአንድ ኬብል ላይ የተለያዩ ምናባዊ ኔትወርኮች)።

ገመዱ፦
ሁለቱም ቪላን በዛው ቦንድ ላይ?

ማስተር ኖድ፦
አዎ በዛው ቦንድ ላይ።

ገመዱ፦
እንግዲያው አንድ ሊንክ ነው ያለህ። ቦንዱ ሲታመም ሁለቱም አብረው ይታመማሉ። ኮሮሲንክ 3 በክሮኖስኔት (የኔትወርክ ክፍሉ ነው) እስከ 8 ሊንክ ይቀበላል፣ አንዱን በቦንዱ ላይ ተወው፣ ሁለተኛውን ከሰርቨር ሰርቨር በቀጥታ በአንድ ኬብል አገናኘው፣ ስዊች መሀል አይግባ። ሁለት ኖድ ስለሆንክ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ቀይ መብራት፦
ስለ ቦንዱ እኔም ልጨምር። አክቲቭ ባካፕ ላይ ሚሞን (የሊንክ መፈተሻ ጊዜውን፣ በሚሊ ሰከንድ) 100 አድርጋችሁ ስትተዉት የሚያየው ኬብሉ ላይ መብራት መኖሩን ብቻ ነው። እኛ ጋ አንድ ጊዜ ባካፕ የነበረው ስዊች ኤምቲዩው (የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) 1500 ባይት ላይ ቀርቶ ሌላው ሁሉ 9000 ነበር። ለወራት ማንም አላወቀም ምክንያቱም ሥራ ላይ የነበረው ዋናው ስዊች ነው። አንድ ቀን ዋናው ተበላሸ፣ ቦንዱ በሥርዓት ወደ ሁለተኛው አለፈ፣ ፒንግ ይሠራል፣ «አለሁ» የሚለው ትንሽ መልእክት ይሠራል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ የዳታቤዙ ሬፕሊኬሽን ግን ቆመ፣ ትልቅ ፓኬት ስለሆነ የሚልከው። ግማሽ ቀን ዳታቤዙን ስንመረምር ዋልን።

አሁን ሁልጊዜ የማደርገው ፒንግን በ8972 ባይት፣ አትቆራርጥ የሚለውን አማራጭ ጨምሬ፣ በሁለቱም ስዊች በኩል ተራ በተራ መላክ ነው። 9000 ሲቀነስ 28 ሄደር፣ ለዛ ነው 8972። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሀ ሁ ኩበርኔቲስ፦
ይሄ 15 ደቂቃ ኩበርኔቲስ ላይም የታወቀ ነገር ነበር፣ ከኤፒአይ ሰርቨሩ ፊት ያለው ሎድ ባላንሰር ሲቀየር ኩብሌቱ (በየማሽኑ ያለው የኩበርኔቲስ ኤጀንት) አሮጌውን ኮኔክሽን ይዞ ይቀርና ኖዱ ኖት ሬዲ ይሆናል፣ ፖዶቹም ከ5 ደቂቃ በኋላ መባረር ይጀምራሉ፣ ማሽኑ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። በኋላ ኤችቲቲፒ2 ላይ የጤና ፒንግ ገባበት፣ 30 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ፒንግ ይላካል፣ 15 ሰከንድ መልስ ካልተገኘ ይዘጋል። ስለዚህ አሮጌ ቨርዥን ላይ ያላችሁ ይሄን እዩ።

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ በበኩሌ ቪአይፒ ራሱ ለምን አስፈለገ ባይ ነኝ። ኤጀንቷን እናንተው ከጻፋችኋት የሁለቱንም ሰርቨር አድሬስ ስጧት፣ አንዱ ካልመለሰ ሌላውን ትሞክር። ኤአርፒ የለ፣ የአይፒ ዝውውር የለ።

ፓኬት አሳዳጅ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን የትኛው ሰርቨር ዋና እንደሆነ ኤጀንቷ አታውቅም፣ ተጠባባቂው «እኔ ዋና አይደለሁም» ብሎ እንዲመልስ መጻፍ አለበት። እሱን ካደረጋችሁ ከቪአይፒ ይሻላል እላለሁ። በሁለቱም መንገድ ግን የሞተውን ኮኔክሽን ቶሎ መጣል አለባት፣ ሁለት አድሬስ ይዛ 15 ደቂቃ አንዱ ላይ ከቆየች ምን ዋጋ አለው።

ስትመለስም ሁሉም በአንድ ሰከንድ እንዳይመጡ የዘፈቀደ ጥበቃ ይኑራት፣ ከ0 እስከ 5 ሰከንድ። 40 ኤጀንት ምንም አይደለም፣ 4000 ሲሆን ግን ገና የተነሳውን ሰርቨር መልሰው ይጥሉታል። የመክፈቻ ታይምአውትም አትርሱ፣ ሲን ስትልክ መልስ ካጣች ከርነሉ በዲፎልት ደጋግሞ ይሞክራል፣ ከ2 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። 5 ሰከንድ አድርገሽ ዝጊና እንደገና ሞክሪ ትባል።

ማስተር ኖድ፦
ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሼ ነው። የነገራችሁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ፌንሲንጉ በርቷል፣ ሁለት ደረጃ ነው፣ ኪውኔትዲው ሌላ መደርደሪያ ላይ ባለች ማሽን ላይ ነው፣ በሰርቨሮቹ መሀል ቀጥታ ኬብል ዘርግቻለሁ፣ ፋየርዎሉ ሪሴት ይመልሳል፣ ኤጀንቷ ዩዘር ታይምአውት 20 ሰከንድ አላት።

ዛሬ ሁለቱንም ገመድ ነቀልኩ። ቪአይፒው ከ8 ሰከንድ ወደ 41 ሰከንድ ዘገየ፣ አይፒኤምአይው መልስ እስኪያጣ ከዛም የኃይል ማከፋፈያው ሁለቱን ሶኬት እስኪያጠፋ ድረስ ነው። መጀመሪያ ከፋኝ፣ በኋላ ግን ሎጉን መስመር በመስመር ሳነበው «ኖዱ መጥፋቱ ተረጋግጧል» የሚለው ከቪአይፒው በፊት ነው የተጻፈው፣ እሱን ሳይ 33 ሰከንዱን በደስታ ሰጠሁ። 40ዎቹም ኤጀንት በ49ኛው ሰከንድ ተመልሰው አለቁ።

አንድ የቀረኝ የኔትወርክ መቆረጡን መፈተን ነው። የኮሮሲንኩን ኢንተርፌስ ዳውን ባደርገው ይበቃል?

ገመዱ፦
ዳውን አታድርገው። ኢንተርፌሱ ሲወርድ አይፒው ከማሽኑ ላይ ሊነሳ ይችላል፣ ያ ከተቆረጠ ኬብል ጋር አንድ አይደለም። በፋየርዎል የኮሮሲንኩን ዩዲፒ ጣል፣ ገቢውንም ወጪውንም፣ በዲፎልት ለመጀመሪያው ሊንክ 5405፣ ለሁለተኛው 5406። መጀመሪያ አንዱን ሊንክ ብቻ ቆርጠህ በኮሮሲንክ ሲኤፍጂቱል (የሊንኮቹን ሁኔታ በሚያሳየው ትዕዛዝ) አንዱ እንደወደቀና ክላስተሩ እንዳልተነካ እይ፣ ከዛ ሁለተኛውን። ኪውኔትዲው ድምፁን ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ይሰጥና ሌላው ፌንስ ይደረጋል። ስትሠራው ኮንሶል በእጅህ ይኑር፣ ኤስኤስኤች ላይ ብቻ ሆነህ አትጀምር።

ማስተር ኖድ፦
እሺ። ቅዳሜ ማታ ሥራ ሲቀንስ አደርገውና ሎጉን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።